የጅማ ፎቶግራፍ አንሺዎችና የመሣሪያቸው መድን

ለገበሬ ሞፈርና ቀንበር፣ ለጸሐፊ ብርዕና ብራና፣ ለአናጢ መጋዝና መዶሻ የኑሮው መሠረት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለፎቶግራፍ አንሺም መሣሪያው የእንጀራው ምንጭ ነው። ነገር ግን የገበሬው ሞፈር ቢሰበር ከጫካው ሌላ ይቈረጣል፤ የአናጢው መዶሻ ቢጠፋ ከገበያ በጥቂት ገንዘብ ይተካል። የፎቶግራፍ አንሺው ካሜራ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣና በውጭ አገር ገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት፣ በየቡና በሰቃ፣ ራቅ ብሎም በበደሌና በቦንጋ ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች መሣሪያቸውን መድን ማስገባት ይገባቸዋልን የሚለው ጥያቄ፣ ለጥቂት ባለ ሙያዎች ብቻ የሚተው ትንሽ ነገር ሆኖ መታየት የለበትም።

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሐንዲሶችን አስከትሎ ነበር። ከዚያም በኋላ ከአርመን ወገን የሆነው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል፤ ልጆቹም ሙያውን ከአባታቸው ወርሰዋል። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የፎቶግራፍ አንሺ ሥራ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚከናወን ነበር። መሣሪያው በሦስት እግሩ ቆሞ በመጋረጃው ፊት ይጠብቃል፤ ሰው ወደ መሣሪያው ይመጣል እንጂ መሣሪያው ወደ ሰው አይሄድም። ባለቤቱም ማታ በሩን ከቈለፈ ሀብቱን ሁሉ ቈለፈ ማለት ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ለትንሹ ፎቶግራፍ ሰው ሁሉ በኪሱ የያዘው ስልክ ስለሚበቃው፣ የፎቶ ቤት ሥራ ቀንሶ የባለ ሙያው ኑሮ በሠርግ፣ በምረቃ፣ በበዓልና በስብሰባ ላይ ተመሥርቷል። ስለዚህ ካሜራውን፣ ሌንሶቹን፣ መብራቱን፣ ማይክሮፎኑንና ላፕቶፑን በአንድ ከረጢት ይዞ፣ ዛሬ ጅማ ነገ አጋሮ፣ ከነገ ወዲያ በእግር መንገድ ብቻ ወደሚገባበት ቀበሌ ይጓዛል። ብዙ ዓመት የደከመበት ሀብት በአንድ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል። የአደጋውም ሥር ይኸው ነው።

በቡና አገር ደግሞ ይህን አደጋ የሚያከብድ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የገቢው ወራት አጭር መሆኑ ነው። በጅማ ዙሪያ የቡናው ለቀማ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ይዘልቃል። ገንዘብ በገበሬው እጅ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። በሌላ ወገን ክርስቲያኑ በጾመ ነቢያትና በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደግስም፤ እስላሙም በረመዳን ከድግስ ይታቀባል። ስለዚህ ሠርጉ ሁሉ በጥምቀት ማግስትና በዐቢይ ጾም መግቢያ መካከል፣ የቀረውም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይጨናነቃል። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ፎቶግራፍ አንሺው የዓመቱን ቀለብ፣ የቤት ኪራይና የልጆቹን የትምህርት ወጪ ያገኛል። ካሜራው በሐምሌ ቢጠፋበት ጥቂት ሥራ ይጐድልበታል፤ በጥር ቢጠፋበት ግን ዓመቱን ሙሉ ያጣል። የሚጠፋውም ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥር ነው፤ መሣሪያው ከቤት ወጥቶ በሰው መካከል የሚውለው ያን ጊዜ ነውና።

የቡናው ዋጋ ከፍ ማለትም ይህንኑ ነገር አጠንክሮታል። ኢትዮጵያ በ2017 የበጀት ዓመት ወደ ውጭ ከላከችው ቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ይህም ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ነው። ቡና ሻጩ ገንዘብ ሲያገኝ ድግሱ ይሰፋል፤ ድግሱ ሲሰፋ ደጋሹ የተሻለ ሥዕልና የተሻለ ቪዲዮ ይፈልጋል፤ ባለ ሙያውም ከተወዳዳሪው ላለማነስ ሲል በዕቁብ ወይም በብድር ውድ መሣሪያ ይገዛል። በዕዳ የተገዛ መሣሪያ ሲጠፋ ዕዳው አብሮ አይጠፋም።

አደጋውም ልዩ ልዩ ነው። የጅማ ምድር ዝናም የማይለየው ነው፤ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንብባታል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጅማም አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ገጠሩ የሚወስደው መንገድ በክረምት ጭቃ ነው። ከረጢቱ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ይጫናል፤ በሞተር ብስክሌት ኋላ ይታሰራል። በሠርግ ቤት ሕዝቡ ሲጨፍር የመብራቱ እግር ተገፍቶ ይወድቃል። ብዙዎቹ የትናንሽ ከተሞች ሱቆችም ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርተው እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ በአንዱ ቤት የተነሣ እሳት የጎረቤቱን ሳይጠይቅ ያልፋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ በተባለው ስፍራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ዕቃ በአንድ ሌሊት አመድ ማድረጉ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። የእሳት አደጋ መኪና በብዛት ባለበት በዋናው ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ በትንሿ የቡና ከተማ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ስለ ክፉ ቀን አስቀድሞ ማሰብን ከውጭ አገር አልተማረም። ዕድር አለው፤ ዕቁብ አለው። ነገር ግን የእያንዳንዱን ተግባር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ዕድር ለቀብርና ለኀዘን የተቋቋመ ነው፤ ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮውን ያቀርባል፣ የሞተውን በክብር ይሸኛል እንጂ የተሰረቀ ካሜራ አይተካም። ዕቁብ ገንዘብን አሰባስቦ ለአንዱ በተራ የሚሰጥ ነው፤ መሣሪያውን ለመግዛት ያስችላል እንጂ መሣሪያው ሲጠፋ ተራን አይመልስም። ዘመድና ወዳጅ ያዋጣልኛል የሚል ቢኖርም፣ በጥር ወር ዘመዱም የራሱ ድግስ አለበት። መድን የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ሐሳቡም ከዕድር የራቀ አይደለም፤ ብዙዎች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ ከመካከላቸው አደጋ የደረሰበት ከተዋጣው ይካሳል። ልዩነቱ መዋጮው በአደጋው ብዛትና በንብረቱ ዋጋ ተሰልቶ፣ በውልና በሕግ የታሰረ መሆኑ ነው።

የመድን ሥራ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር የመድን ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ ይሠራ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የመድንን ውል በዝርዝር ደነገገ። በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ ተወርሰው በማግሥቱ ዓመት የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንዲሠሩ ተፈቀደ። ዛሬ በብሔራዊ ባንክ ቍጥጥር ሥር ከአሥራ አምስት በላይ መድን ሰጪዎች አሉ። ይሁን እንጂ በአዋጅ ግዴታ የሆነው የተሽከርካሪ መድን በየመንደሩ ሲታወቅ፣ በፈቃድ የሚገባው የመሣሪያ መድን ግን በትናንሽ ከተሞች ስሙ እንኳ ብዙ አይነሣም።

የወጪው ነገር በምሳሌ ቢታይ ይቀላል። አንድ ባለ ሙያ መሣሪያው ሁሉ 300,000 ብር ይገመታል እንበል፤ ዐረቦኑም ከመቶ ሁለት ቢሆን በዓመት 6,000 ብር፣ በወር 500 ብር ይሆናል። ትክክለኛውን ልክ እያንዳንዱ ኩባንያ እንደ አደጋው ሁኔታ ይወስናል፤ ከምሳሌው የሚበልጥም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሚዛኑ ግልጥ ነው፤ በአንድ ወገን የታወቀና ትንሽ ወጪ፣ በሌላው ወገን ያልታወቀና ቤት የሚያፈርስ ጥፋት አለ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይሰማሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው ከእምነት የሚነሣ ነው። ነገን የሚያውቅ እግዚአብሔር ሲሆን፣ ስለ ነገ ጥፋት ዛሬ ገንዘብ መክፈል አለመታመን አይደለምን ይባላል። ነገር ግን ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሳያልፉ ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት እህል በጎተራ ማከማቸቱ እንደ ጥበብ ተቈጠረለት እንጂ እንደ ክሕደት አልተቈጠረበትም። ይህን ታሪክ ክርስቲያኑም እስላሙም ያከብረዋል። ዐረቦን የሚለው ቃልም ቢሆን ለሊቃውንት የታወቀ የመጽሐፍ ቃል ነው፤ ለሚመጣው ነገር አስቀድሞ የሚሰጥ መያዣ ማለት ነው። መድን አደጋ እንዳይመጣ አያደርግም፤ ያንን ማድረግ የሰው ሥልጣን አይደለም። የሚያደርገው፣ አደጋ የደረሰበት ሰው ለልመና እንዳይወጣና በባልንጀራው ላይ ሸክም እንዳይሆን ነው። ከወለድ የሚጠነቀቁ የእስልምና ተከታዮችም በብዛት በሚኖሩበት በጅማ፣ ብሔራዊ ባንክ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2020 ታካፉል ለተባለው ከወለድ ነፃ ለሆነው የመድን ዓይነት መመሪያ ማውጣቱን ማሳወቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ መድን ሰጪው ሲቀበል ፈጣን፣ ሲከፍል ዘገምተኛ ነው የሚለው ነው። ይህ ቅሬታ ከንቱ አይደለም፤ ኩባንያዎችም ሊያስቡበት ይገባል። ይሁን እንጂ ከክርክሩ ብዙው የሚነሣው ውሉ ሳይነበብ ስለሚፈረም ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ከመፈረሙ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የእሳትና የቤት ሰብሮ ስርቆት መድን የተጻፈው በውሉ ለተጠቀሰው ቤት ነው። በአጋሮ መንገድ ላይ ከአውቶቡስ የተወሰደው ካሜራ ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በሄደበት ሁሉ የሚጠበቅበትን፣ ሁሉን አቀፍ የሚባለውን ውል ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ለንግድ ሥራ መዋሉን በግልጥ ማሳወቅ ይገባል፤ ለቤት መዝናኛ ነው ብሎ ያስመዘገበ ሰው በአደጋው ቀን ራሱ የጻፈው ቃል ይከራከረዋል። ከባልንጀራ የተከራዩት ወይም የተዋሱት ካሜራም በውሉ ካልተጠቀሰ እንደ ተሸፈነ አይቈጠርም። ሦስተኛ፣ መድን ለድንገተኛ ነገር ነው እንጂ ቀስ በቀስ ለሚያረጅና ለሚበላሽ አይደለም። በጅማ እርጥበት ሌንስ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ከዚህ ይቈጠራል፤ መድኃኒቱም ደረቅ ሣጥንና ትጋት ብቻ ነው። ዕቃውን በቸልታ ያለ ጠባቂ የተወ፣ ድሮንም ያለ መንግሥት ፈቃድ ያስነሣ ሰው ካሣ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል።

አራተኛ፣ የሁከት ነገር ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በተነሣው ሁከት በሻሸመኔና በሌሎች ከተሞች ሆቴሎች፣ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች ተቃጥለዋል። የተለመደው የእሳት መድን ግን በሁከትና በብጥብጥ የሚነሣውን ቃጠሎ፣ ተጨማሪ ዐረቦን ተከፍሎ በውሉ ካልገባ በቀር፣ አይሸፍንም። ይህን ከአደጋው በኋላ መማር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ዛሬ ሊታሰብበት የሚገባው የዋጋ ግምት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ካሜራና ሌንስ በዶላር የሚገዙ ስለ ሆኑ፣ ከዚያ ቀን በፊት በተገዛበት ዋጋ መድን የገባ ሰው ሳያውቀው ግማሽ መድን ብቻ ይዞ ይኖራል። በመድን ውል የተለመደው ደንብ፣ ንብረቱ ከዋጋው በታች ከተመዘገበ ለጐደለው ክፍል ባለቤቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደ ሆነ ይቈጠራል የሚል ነው። ለምሳሌ 600,000 ብር የሚያወጣ መሣሪያ በ300,000 ብር ቢመዘገብና 100,000 ብር የሚያወጣ ሌንስ ቢሰበር፣ ካሣው 50,000 ብር ብቻ ይሆናል፤ ከዚያም ላይ በውሉ ባለቤቱ እንዲሸከመው የተወሰነው ይቀነሳል። ከዋጋው በላይ ማስመዝገብም አያተርፍም፤ መድን የጠፋውን ይተካል እንጂ ባለቤቱን አያበለጽግምና። ስለዚህ ግምቱ በየዓመቱ፣ ውሉ ሲታደስ ሊመረመር ይገባዋል።

መድን የማይመልሰው አንድ ነገር መኖሩም ሊነገር ይገባል፤ ይኸውም የተነሣው ሥዕል ራሱ ነው። ሙሽሮች ሁለተኛ አይዳሩም፤ የተቀበረ አባት ዳግመኛ አይሸኝም። ካሜራው ከነማስታወሻ ካርዱ ቢጠፋ ኩባንያው ካሜራውን እንጂ ያችን ቀን አይተካም። ስለዚህ ታማኝ ባለ ሙያ በሥራው ቀን ማታ ሥዕሉን በሁለት ስፍራ ገልብጦ ያኖራል። በመድን የተጠበቀ መሣሪያ ግን ለዚህም ይረዳል፤ ቅዳሜ የተሰረቀበት ሰው ቀብድ የተቀበለበትን የሚቀጥለውን ሠርግ በተከራየው ካሜራ ሠርቶ ቃሉን ሊጠብቅ የሚችለው፣ ካሣ እንደሚመጣለት ካወቀ ነው።

እንግዲህ ለሥራው መቃናት የየአንዳንዱ ድርሻ ምንድን ነው? ፎቶግራፍ አንሺው የእያንዳንዱን ዕቃ መለያ ቍጥር ጽፎ፣ ደረሰኙንና የጉምሩክ ወረቀቱን ከመሣሪያው በተለየ ስፍራ ማኖር አለበት። ብዙ ካሜራ በመንገደኛ እጅ ያለ ደረሰኝ ስለሚገባ፣ በአደጋው ቀን ባለቤትነቱንና ዋጋውን ማስረዳት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። አደጋ ሲደርስም ሳይዘገዩ ለፖሊስና ለመድን ሰጪው ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ብቻቸውን ሲቀርቡ ዐረቦኑ የሚከብዳቸው ደግሞ በማኅበር ሆነው መቅረብ ይችላሉ። ቡና አምራቾች በኅብረት ሥራ ተደራጅተው በገበያ ላይ ድምፅ እንዳገኙ፣ የጅማና የአጋሮ ፎቶግራፍ አንሺዎችም ሃያና ሠላሳ ሆነው በአንድ ውል ቢገቡ፣ ለኩባንያው ሥራው ይቀልለታል፣ ለእነርሱም የተሻለ ልክ ለመደራደር ይመቻቸዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ኩባንያዎቹም በበኩላቸው ውሉን ገጠሬውና ከተሜው በሚረዱት አማርኛና አፋን ኦሮሞ አሳጥረው ቢያቀርቡ፣ ዐረቦኑንም የቡናውን ወራት ተከትሎ በክፍያ ቢቀበሉ፣ ለራሳቸውም ገበያ ያገኛሉ። በትግራይ በአውሮጳ አቈጣጠር ከ2009 ጀምሮ ለትናንሽ ገበሬዎች የድርቅ መድን መሞከሩ፣ ድኻው ሰው ለመድን አይመችም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን አሳይቷል።

የመንግሥት ሹማምንት ድርሻ ማስገደድ ሳይሆን መንገዱን መጥረግ ነው። የተሽከርካሪ መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 799 ግዴታ መሆኑ የሌላውን ሰው ሕይወትና አካል ለመጠበቅ ነው፤ የካሜራ መድን ግን የባለቤቱን ሀብት የሚመለከት ስለ ሆነ በምክር እንጂ በቅጣት ሊስፋፋ አይገባውም። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው ጽሕፈት ቤት ባለ ሙያው በሚቀርብበት ቀን ነገሩን ቢያስረዳ፣ ለወጣቶች የሥራ ማስጀመሪያ ብድር የሚሰጡትም ክፍሎች በብድር የሚገዛው መሣሪያ መድን እንዲገባለት ቢያደርጉ፣ የተበደረውም ያበደረውም ይጠበቃሉ። ካህናትና ሼኾችም ዕድርተኛው በሚሰበሰብበት ስፍራ፣ ስለ ክፉ ቀን አስቀድሞ መተባበር ከእምነት ጋር የማይጣላ መሆኑን ቢያስተምሩ፣ ቃላቸው ከማናቸውም ማስታወቂያ የበለጠ ይሰማል።

አንድ ከተማ ታሪኩን የሚያስቀምጠው በመዝገብ ቤት ብቻ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ቤት፣ የመስጊዱ ምረቃ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተመረቁበት ቀን፣ የቡና ገበሬው ልጁን የዳረበት ሰዓት በፎቶግራፍ አንሺው እጅ ተቀርጾ ለሚመጣው ትውልድ ይተላለፋል። ይህን አደራ የሚሸከም ሰው በአንድ ሌሊት እሳት ወይም በአንድ ሌባ እጅ ከሙያው ወጥቶ የቀን ሠራተኛ ቢሆን፣ የሚጐዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን ከተማውም ነው። የሚመጣው ጥር ሳይደርስ፣ የሠርጉም ከበሮ ሳይመታ፣ ውሉን አንብቦና ግምቱን አስተካክሎ መድን መግባት የአስተዋይ ባለ ሙያ ሥራ ነው።